የመውደቂያ ኃላፊ የሆንሁበት ሰሞን

በዚያ ምሽት በእድሪስ ግቢ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ አለሁ። ባለቤቴ ወርቁ ነበረ፤ ነበረ ከማለት ግን ተቀምጦ ያንቀላፋ ነበር ማለት ይሻላል። ልጆቼ በሙሉ ነበሩ፤ አንዱን ቤት ትቼ ብወጣ ቤቱ ይቃጠላል ብዬ ስለምሰጋ የትም ስሄድ ሁሉንም አስከትላለሁ። ጎረቤታችን እማማ ብርዛፍ ነበሩ፤ እሳቸው ወጌሻ ናቸው፣ በመተማ የተሰበረ አጥንት ሁሉ በእጃቸው ያለፈ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተሰማ ነበሩ፤ መደገፊያ ያለው ወንበር የተሰጠው ለእሳቸው ብቻ ነው። የቴሌቪዥኑ ባለቤት ነጋዴው እድሪስ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሟል። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረዱ የቀን ሠራተኞች መሬት ላይ ተደርድረዋል፤ የእኛው ሠራተኛ አንሙትም ከመካከላቸው ነበረ። አንዲት ፍየልም ነበረች። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው በከንቱ አይደለም። ነገሩ ካለፈ በኋላ "እኔ በዚያ ምሽት ከቤቴ አልወጣሁም" የሚል ሰው ስለበዛ ነው። ያልካደችው ፍየሏ ብቻ ናት።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። እድሪስ ቴሌቪዥኑን ከድንበር ማዶ ከገላባት አምጥቶ ባዶ በርሜል ላይ አስቀምጦታል። ምስሉ ከሱዳን በኩል ስለሚመጣ ንግግሩ ዐረብኛ ነው። መስታወቱ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ሰሊጥ የሚበትን ይመስላል፤ ሰውን ከዛፍ ለመለየት ዓይንን ማጥበብ ያስፈልጋል። የሚተረጉምልን እድሪስ ነው። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ረጅም ጊዜ በቁጣ ይናገርና እድሪስ ወደ እኛ ዞር ብሎ፣ "ጥሩ ነው ይላል" ይለናል። በዚህ ዓይነት ብዙ ነገር ተምረናል።

በዚያ ምሽት ዜናው አልቆ የስፖርት ውድድር መጣ። የየትኛው አገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ቁምጣ የለበሰ ሰው ከቁመቱ ብዙ የሚረዝም እንጨት ይዞ መሮጥ ጀመረ። በእኛ አገር ሰው ረጅም እንጨት ይዞ ከሮጠ እባብ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ወዲያው የልጆቼን እግር ወደ ላይ ሰበሰብሁ። ሰውየው ግን የሚመታ እባብ አልነበረውም። እንጨቱን መሬት ላይ ተከለው፣ እንጨቱ እንደ ቀስት ጎበጠ፣ ከዚያ ሰውየውን አንሥቶ ወደ ሰማይ ወረወረው። እግሩ ወደ ላይ ራሱ ወደ ታች ሆኖ፣ ከቤት ጣሪያ ከፍ ብሎ በተጋደመ ቀጭን ዘንግ ላይ ሊያልፍ ሲል፣ ጄኔሬተሩ አንዴ አስነጠሰና ጸጥ አለ። ናፍጣው አልቋል። ምስሉ ተሰብስቦ አንዲት ነጭ ነጥብ ሆነ፤ እሷም ጠፋች።

ሰውየው እላይ ቀረ።

ሁላችንም በጨለማው ወደ ላይ አንጋጠጥን።

"ወረደ?" አለ ከሠራተኞቹ አንዱ።

"ሲወርድ የት አየኸው?"

"መቼም እዚያ አያድርም።"

"እድሪስ፣ ሰውየው ምን ሆነ?" አሉ ጓድ ተሰማ።

"ናፍጣ ሲመጣ ይወርዳል" አለ እድሪስ።

ናፍጣ ደግሞ ያን ጊዜ እንዲህ በቀላሉ የሚመጣ ነገር አልነበረም። እንግዲህ የመተማ ሕዝብ እንዴት እንደሚወጣ አይቶ፣ እንዴት እንደሚወረድ ሳያይ ወደ ቤቱ ገባ። የመከራችን መጀመሪያ ይህ ነው።

ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ የቀረውን ያስተማረኝ ፍርሃት ነው። ጊንጥ ይኖርበታል ብዬ ጫማ ሳላራግፍ ለልጅ አላጫማም። ወርቁ ለሰው ሲያወራ፣ "እሷ ነፋስ ሲነፍስ ልጆቹን በገመድ ታስራለች" ይላል። ያሰርሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ነፋሱም ኃይለኛ ነበር።

በዚያ ዓመት ደግሞ ከልጆቼ በላይ የሚያስፈራኝ አንሙት ነበር። አንሙት ከጎጃም፣ ከቋሪት የመጣ፣ ረጅም፣ ክንደ ጠንካራ፣ ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚሸፍን ጎልማሳ ነው። እናቱ በአገሩ ሰዎች አፍ አንድ ቃል ልከውብኝ ነበር፤ "ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እንደ ላክሁት ሙሉውን ይመልሱልኝ" የሚል። ሌላ ሰው ቢሰማ "እሺ" ብሎ ይረሳዋል። እኔ ግን እናት ነኝ፤ ሙሉውን ከተባልሁ ሙሉውን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንሙትን በየጠዋቱ አንገቱን ዳስሼ ወባ መያዝ አለመያዙን ሳላይ ወደ እርሻ አልልከውም።

"እናቴ፣ ኧረ ይተውኝ፤ ሰው ይስቅብኛል" ይለኛል።

"ይሳቅብህ። የሳቀ ሁሉ እናትህ ዘንድ ሄዶ አይመልስልኝም።"

ከዚያ ምሽት በኋላ ጠዋት ስነሣ፣ መተማ በሙሉ እንጨት ይዛ ትሮጣለች። ቆላ ሽመል አያጣም፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ሲጎብጥ የማይሰበር። ጊዜውም ሰው ሥራ የሚፈታበት ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ በሂላ ቆሟል፤ ሂላ ማለት ነዶዎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንደ ትንሽ ጎጆ የሚቆሙበት ነው። ፍሬው ደርቆ አፉን እስኪከፍት ድረስ ሠራተኛው ከመጠበቅ በቀር ምንም ሥራ የለውም። ሥራ የፈታ ጎልማሳና ረጅም ሽመል አንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በአጥር ዘለሉ። በቦይ ዘለሉ። በቆመች አህያ ላይ ዘለሉ፤ አህያዪቱ ከዚያ ወዲያ ሽመል ስታይ ራሷ ትተኛ ጀመር።

ስለ አወራረዱ ግን አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ፣ እንጨቱን እንደ ያዙ በእንጨቱ ላይ ተንሸራትቶ መውረድ ነው አለ። ግማሹ፣ እንጨቱን ለቅቆ በእግር መቆም ነው አለ። አንሙት ከሁለቱም ወገን አልነበረም።

"እኔ መውጣቱን ልልመድ፤ መውረዱ እንደሆነ አይቀርም" አለ።

እውነቱን ነው፤ አልቀረም። ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ሲወድቅ ድምፁን ከቤቴ ሰማሁት። ዋልካ መሬት ሲደርቅ ከድንጋይ አይለይም። ሮጬ ስደርስ ጎኑን ይዞ ይስቃል። እማማ ብርዛፍ ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል፤ ቅቤያቸውን በቅል ይዘው።

"ምንም አልሆነም" አሉ፤ ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ይታያል።

ሽመሉን ነጥቄ ምድጃ ከተትሁት። ከሰዓት በኋላ ሌላ ይዞ አየሁት። ያንንም አነደድሁት። በማግስቱ ሌላ። ማገዶ አልቸገረኝም፤ አንሙት ግን መዝለሉን አልተወም። ጮኼ ካልሆነልኝ ቢያንስ ለስላሳ ነገር ላይ ይውደቅ ብዬ ከሣር ክምራችን በሸክም አመጣሁና ሜዳው ላይ አነጠፍሁ።

የእኔ ስህተት ይህች ናት። ሣሩ ሲመጣ የማይዘሉት ሁሉ መጡ። እስከዚያ ድረስ ሰውን ይዞት የነበረው መሬቱ ነበር። ሣር ላይ መውደቅ እንደማያምም ሲያዩ በቴሌቪዥኑ እንዳዩት ያጋደሙትን ዘንግ ከፍ አደረጉት። ዘንጉ ከፍ ሲል ለአንሙት ሣሩ አነሰ። ስለዚህ ጥጥ ጨመርሁ። ጥጡን ሲያዩ እንደገና ከፍ አደረጉት። ስለዚህ ፍራሽ አመጣሁ።

"እኔ ምን ላይ ልተኛ ነው?" አለ ወርቁ።

"አንተ አትዘልም" አልሁት።

"ለመተኛትም መዝለል አለብኝ?"

"መሬት ላይ ብትተኛ አትወድቅም። እሱ እናት አለው።"

"እኔስ ከዛፍ ነው የተለቀምሁት?" አለና ባዶው አልጋ ላይ ተጋደመ። ለጥቂት ቀን ጀርባው ላይ የአልጋው ጠፍር መስመር በመስመር ታትሞ ዋለ።

እኔ ፍራሽ ሳወጣ ያዩ ሴቶች ሁሉ ለየልጆቻቸው ፈርተው የራሳቸውን አወጡ። ሜዳው ላይ ፍራሽ በፍራሽ ሆነ። ቀን ቀን ሰው ይወድቅበታል፣ ማታ ማታ እያንዳንዷ የራሷን ፈልጋ ትወስዳለች። የሌላ ሰው ትራስ ቤቷ የተገኘባት ሴት ስንት ነገር እንደ ተወራባት እኔ አውቃለሁ፤ አልናገርም።

እማማ ብርዛፍ ሜዳው ዳር ዛፍ ሥር ቅላቸውን አስቀምጠው ይውላሉ። አንድ ቀን አስጠሩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ምን በድዬሻለሁ?"

"ምን አደረግሁ እማማ?"

"ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ ሰሞን ገጥሞኝ አያውቅም። አገር ምድሩ ከሰማይ ይወድቃል። አንድ ሰው አልተሰበረም። አንድ። ቅቤዬ ሊበላሽ ነው።"

"እግዚአብሔር ጠብቋቸው ነው እማማ።"

"እግዚአብሔርማ በየዓመቱ ይጠብቃቸው ነበር፤ ለእኔም ያስቀርልኝ ነበር። ዘንድሮ አንቺ ነሽ።"

ጓድ ተሰማ ይህን ሁሉ በአዳራሹ መስኮት ያያሉ። አንድ ጠዋት ኮታቸውን አውልቀው መጡና ሊቀመንበር ከሕዝቡ መለየት እንደማይገባው ተናግረው ሽመል ጠየቁ። እሳቸው ሲሮጡ ሁሉም መንገድ ለቀቀ። ሽመሉን የተከሉት ግን የዋልካው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ሽመሉ እስከ ክንድ ያህል ገብቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እሳቸውም ጫፉ ላይ ቀሩ። ወደፊት አይሄዱ፣ ወደኋላ አይመለሱ። ሰው የዝላዩ ሦስተኛ ዓይነት መስሎት አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲሰማቸው አንድ እጃቸውን ለቅቀው ለሕዝቡ አወዛወዙ፤ ያኔ ነው ሱሪያቸው እየተተረተረ ቀስ እያሉ ተንሸራትተው የወረዱት። ቁምጣና ሱሪን የሚለየው ምን እንደሆነ ያን ቀን ስላወቁ ከዚያ ወዲያ አልዘለሉም። በምትኩ ውድድር አወጁ። ከአውራጃ እንግዳ ሊጠሩ ነው። እኔንም በስብሰባ መካከል አስነሥተው፣ "ጓድ፣ ከዛሬ ጀምሮ የመውደቂያ ኃላፊ ነዎት" አሉኝ። በሕይወቴ የያዝሁት ሥልጣን ይህ ብቻ ነው። አልደብቅም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ወርቁ ማታ፣ "ጓድ ኃላፊ፣ ትራስ እንኳ ይፈቀድልኝ?" አለኝ፤ ፈቀድሁለት።

የውድድሩ ቀን መተማ እንደዚያ ሰው ሞልቶባት አያውቅም። ከሽንፋ መጡ፣ ከገንዳ ውሃ መጡ፣ ሽመላቸውን የጭነት መኪና ላይ አስረው። ለእንግዶች ዳስ ተጣለ፣ ጠረጴዛ ቀረበ፣ ከአበባ የሚፈላው የሱዳኖች መጠጥ፣ ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ በትልቅ ማሰሮ እላዩ ተቀመጠ። የክብር እንግዳው አንድ መቶ አለቃ ናቸው፤ ጢማቸው የተስተካከለ፣ ብዙ የማይናገሩ። ከፍታው የትራክተር ተጎታች ነው፤ በተጎታቹ ላይ ዘልሎ ማለፍ፣ ከማዶ እኔ ያነጠፍሁት ላይ መውደቅ። እኔ ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሣሁት። ሥር ሣር፣ መካከል ጥጥ፣ ላይ ፍራሽ። የወርቁን ፍራሽ ከሁሉም በላይ አደረግሁት፤ አንሙት እሱ ላይ እንዲወድቅ።

የገንዳ ውሃዎቹ ተጎታቹን እየነኩ ወደቁ። አንድ የሽንፋ ሰው ለጥቂት አለፈና ሜዳው ተናወጠ። ሽንፋዎች መዝፈን ጀመሩ። እኔ እንኳ፣ ያ ሁሉ ፍርሃቴ ባለበት፣ አንሙት እንዲዘል ፈለግሁ። ወደ እሱ ሄጄ አንገቱን ዳሰስሁ፤ ወባ የለውም።

"ቀስ ብለህ ዝለል" አልሁት።

"እናቴ፣ ቀስ ተብሎ አይዘለልም።"

ሮጠ።  ሽመሉ ጎበጠ፣ አንሙት ተነሣ፣ ተጎታቹን አለፈው፤ ማለፍ ብቻ አይደለም፣ ትቶት ሄደ። ተጎታቹን አለፈ፣ ሣሩን አለፈ፣ ጥጡን አለፈ፣ የወርቁን ፍራሽ ከላይ እያየ አለፈ፣ በዳሱ ጣሪያ ገብቶ መቶ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ወረደ።

ስደርስ ሁሉም ቀይ ነው። ጠረጴዛው ቀይ፣ መቶ አለቃው ቀይ፣ አንሙት ከራሱ እስከ እግሩ ቀይ። እናቱን ምን ልበላቸው እያልሁ ጮህሁ። አንሙት ተነሥቶ ቆመና ከንፈሩን ላሰ።

"ከርከዴ ነው፣ እናቴ። ደህና ነኝ።"

እጁን ቆጠርሁ፣ ጣቱን ቆጠርሁ፣ ሙሉ ነው። አምላኬን ሳመሰግን ገና ሳልጨርስ፣ መቶ አለቃው ጢማቸውን በመሐረብ ጠርገው አንሙትን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ይህ ሰው" አሉ፣ "ለአየር ወለድ ነው የተፈጠረው። ነገ ጠዋት ከእኛ ጋር ይሄዳል።"

በዚያ ጊዜ "ከእኛ ጋር ይሄዳል" የተባለ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግርህ አልነበረም። ሰሜን ጦርነት ነው። ሽንፋዎች እንኳ መዝፈኑን አቆሙ። አንሙት እኔን አየኝ፤ እኔም የማስበው ያቺን የማላውቃትን እናት ብቻ ነበር። ወደ ጆሮው ጠጋ አልሁ።

"አንክስ።"

"የትኛውን እግሬን?"

"የፈለግኸውን። ብቻ አትቀያይር።"

አንሙት ቀኝ እግሩን ይዞ ወደቀ። እንዲህ ያለ አወዳደቅ በዚያ ሁሉ ሰሞን አልወደቀም። እማማ ብርዛፍ ቅላቸውን ይዘው ሰውን እየገፉ ደረሱ። እግሩን ዳሰሱት። ደህና እንደሆነ ወዲያው ገባቸው፤ እጃቸው አይሳሳትም። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሙሉ ሰሞን ገበያቸውን የዘጋሁባቸው ሴት ነኝ።

"ሁለት ቦታ ነው" አሉ ጮክ ብለው።

"አሁን ቆሞ አልነበር እንዴ?" አሉ መቶ አለቃው።

"ትኩስ ስብራት ያቆማል ጌታዬ። የሚጥለው ሲበርድ ነው።"

መቶ አለቃው እጃቸውን ሲዘረጉ አንሙት ሳይነኩት አጓራ።

"ሳይነካ የሚያመው ነው ክፉው" አሉ እማማ ብርዛፍ፤ ቅቤውን ለቀለቁት፣ ስንጥር ሽመል በአራት ወገን ደረደሩና ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ታፋው ጠቅልለው አሰሩት። ያን ሰሞን ያልሠሩትን ሁሉ በዚያች እግር ላይ ሠሩት። ማሰሪያውን ሲያጠብቁ አንሙት ያፈሰሰው እንባ የእውነት ነው።

መቶ አለቃው አላመኑም፤ ጠዋት መጥተው እንደሚያዩት ተናግረው ሄዱ። ማታ እቤታችን አንሙት የወርቁ ፍራሽ ላይ ተኝቶ እግሬ ሞተ ብሎ ስላለቀሰ ማሰሪያውን ፈታንለት። ጎህ ሲቀድ የመኪና ድምፅ ስንሰማ እማማ ብርዛፍ በጥድፊያ ጠቀለሉት። መቶ አለቃው ጓድ ተሰማን አስከትለው ገብተው እግሩን አዩ።

"ትናንት ቀኙ አልነበር?"

እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የታሰረው ግራው ነው። 

"ቀኙ ነው እኮ" አሉ እማማ ብርዛፍ። "ፊት ለፊት ስለ ቆሙ ነው ግራ የመሰለዎት።"

መቶ አለቃው ወደ ራሳቸው እግር አዩ፣ ወደ አንሙት እግር አዩ። ከዚያ ወደ ጓድ ተሰማ ዞሩ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ የትኛው ነበር?"

ጓድ ተሰማ ወደ እኔ አላዩም፣ ወደ አንሙትም አላዩም። ወደ ጣሪያው ነው ያዩት።

"እንደማስታውሰው ከሆነ፣ ይህ ነበር" አሉ። ምን እንደ ነካቸው አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ግን ስማቸውን በክፉ አላነሣም።

 መቶ አለቃው አንሙት የተኛበትን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት። "ፍራሹ ግን ጥሩ ነው" አሉ። ወታደራቸው ፍራሹን ጠቅልሎ መኪናው ላይ ጫነው። ወርቁ በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ሸኘውና፣ "እንግዲህ የእኔ ፍራሽ አየር ወለድ ገባ" አለ።

አንሙትን በዚያው ቀን ወደ ጎንደር በሚሄድ የጥጥ መኪና አናት ላይ አስተኛነው። ኬላ በደረስህ ቁጥር አቃስት፣ ጎንደር ሳትደርስ እንዳትፈታው አልሁት። እማማ ብርዛፍ ለመጨረሻ ጊዜ ማሰሪያውን አጠበቁለት። አንሙት ከላይ ሆኖ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ሳቀ፤ መኪናው ሲያዘነብል ግን ፊቱ ተጨማደደ። ለማስመሰል ይሁን፣ አሞት ይሁን፣ ከታች ሆኜ መለየት አልቻልሁም።

ናፍጣ መጣ፣ ቴሌቪዥኑም ተከፈተ። እነዚያ ሰዎች ለካ የሚወድቁት ፍራሽ ላይ ነው፤ ግቢው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ለመዝለል ግን የተነሣ አልነበረም፤ ሰሊጡ አፉን ከፍቶ ሁሉም ወደ ሂላው ሄዷል። በሌላ ምሽት ከባድ ብረት ወደ ላይ የሚያነሡ ሰዎች አሳዩን። ሠራተኞቹ የሰሊጥ ጆንያ የሚሸከም ትከሻቸውን እያሻሹ፣ "ይህንስ ያለ ክፍያ አንሠራም" ብለው ተነሥተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ከጎጃም ለሚወርድ ሠራተኛ ሁሉ እጠይቃለሁ። አንዱ አላውቀውም ይላል፣ ሌላው አይቼዋለሁ ይልና ስጠይቀው ሌላ ሰው ይሆናል። እማማ ብርዛፍ ከማረፋቸው በፊት አንድ ቀን፣ "ያን ማሰሪያ የሚያውቅ እጅ መፍታት ነበረበት፤ ታስሮ ከቆየ እግር ይገድላል" አሉኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ደህና አድርጌ አልተኛሁም። ይህን የምታነቡ የቋሪት ሰዎች ካላችሁ፣ ወይም በዚያ በኩል ዘመድ ያላችሁ፣ አንሙት የሚባል፣ በደርግ ጊዜ መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ የወረደ ረጅም ሰው ታውቁ እንደሆነ ንገሩኝ። እናቱ ቤት ደርሷል ወይ? በሁለቱም እግሩ ይሄዳል ወይ?